ዲስክ ከአንዱ ላፕቶፕ ወደ ሌላው ሲዛወር
(በራዲዮ ከተነገረ በኋላ ለጋዜጣ የቀረበ)



በየመሥሪያ ቤቱ የሚደርስ አንድ ነገር አለ። ትናንት ማታ ደኅና ሆኖ የተዘጋው ላፕቶፕ ጠዋት ቢጫኑት አልነሣም ይላል። መብራት ሲሄድና ሲመለስ ማዘርቦርዱ ተቃጥሎ ይሆናል፤ ወይም ሻይ ፈሶበት ይሆናል፤ ወይም እንዲሁ ዕድሜው ደርሶ ይሆናል። ባለሙያ ተጠርቶ ይመጣል፤ በትንሽ መፍቻ ሆዱን ከፍቶ ይመለከታል፤ ከዚያም «ዲስኩ አልተነካም፤ አውጥተን ከሌላ ላፕቶፕ ላይ እናደርገዋለን» ይላል። በዚያች ሰዓት ይህን የመሰለ ጣፋጭ ቃል የለም። የሦስት ዓመት ደብዳቤ፥ የበጀት ሠንጠረዥ፥ ቃለ ጉባኤው ሁሉ ከሞት የተረፈ ይመስላል።

ነገር ግን ይህ ቃል እውነት ሆኖ የሚገኝበትም፥ ከንቱ ሆኖ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። ይህም በባለሙያው ብልሃት ብቻ የሚወሰን አይደለም። ከሰባ ዓመት ገደማ በፊት የተጀመረ፥ እስከ ዛሬም ያልተቋጨ አንድ ክርክር አለ፤ እርሱም «በኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ትዝታ የማን ነው? የመኪናው ነው ወይስ የባለቤቱ?» የሚል ነው። ክርክሩ በአደባባይ ቆመው የተከራከሩበት አይደለም፤ መሐንዲሶች በብረትና በሽቦ፥ በኋላም በቍጥር የተከራከሩበት ነው። ዛሬ ታሪኩን ላጫውታችሁ እወዳለሁ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድማችሁ ልብ በሉልኝ።

ወደዚህ ነገር እንድመለከት ያደረገኝ በራሴ ላይ የደረሰ ጉዳይ ነው። ስለ ቀድሞ የቴሌግራፍ ሠራተኞች ለራዲዮ ፕሮግራም ስናዘጋጅ አንድ በጡረታ የተገለሉ አባት ሦስት ሰዓት ያህል አጫውተውኝ ነበር። ከዚያ ሁሉ ጨዋታ በአየር ላይ የዋለው ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው፤ የቀረው በመሥሪያ ቤቱ ላፕቶፕ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ወደ ሌላ ቦታ ልገለብጠው ሳስብ፥ ዛሬ ነገ ስል ወራት አለፉ። በመካከሉ እኒያ አባት ዐረፉ። ልጃቸውም ለሙት ዓመታቸው የአባቷን ድምፅ በሙሉ እንድሰጣት ለመነችኝ። «ነገ» አልኋት። ነገ ስደርስ ላፕቶፑ ሞቶ አገኘሁት። የዚህን ፍጻሜ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ታሪኩ። ዲስክ የሚባል ነገር ሳይኖር በፊት የመሥሪያ ቤት መኪና ትዝታ በወረቀት ላይ ነበር። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ ያሠራጨው ካርድ 80 ዓምድ ነበረው፤ በእያንዳንዱም ዓምድ ላይ በቀዳዳ አንድ ፊደል ወይም አንድ አኃዝ ይጻፍ ነበር። ካርዱ ቀርፋፋ ነው፤ ብዙም ቦታ ይይዛል፤ ከእጅ ወድቆ ከተበተነ መልሶ በተራ ለማስቀመጥ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሆኖም አንድ ታላቅ ጠባይ ነበረው። ካርዱን በሣጥን አድርጎ ተሸክሞ ሌላ ከተማ ወዳለው እንደርሱ ያለ መኪና መሄድ ይቻል ነበር፤ መኪናውም ማን እንደ በሳው ሳይጠይቅ ያነበው ነበር። ትዝታው የባለቤቱ ነበረ ማለት ነው።

የካርዱ ጉድለት ግን ሥራን የሚያስር ነበር። ካርድ በተራ ይነበባል እንጂ ከመካከሉ አንዱን ብቻ «ና» ብሎ መጥራት አይቻልም። ለምሳሌ የአንድ ደንበኛን ሒሳብ ለማወቅ የሺሁን ሁሉ ካርድ ማሳለፍ ግድ ነበር። በዚያው ዘመን የመጣው የማግኔት ክር ፍጥነትን ጨመረ እንጂ ይህን ችግር አልፈታም፤ ክርም እንደ ካርድ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚጠቀለል ነውና።

በ1952 ዓ.ም. አይ.ቢ.ኤም. ሚስተር ሬይኖልድ ጆንሰን የተባሉትን ሠራተኛውን ወደ ካሊፎርኒያ ልኮ በሳን ሆሴ ከተማ አዲስ የምርምር ቤት እንዲያቋቁሙ አደረገ። ሚስተር ጆንሰን ቀድሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ አስተማሪ ነበሩ፤ ወደ ኩባንያውም የገቡት የተማሪዎችን የፈተና ወረቀት በኤሌክትሪክ የሚያርም መሣሪያ በመፈልሰፋቸው ነው። (ይህን ስጽፍ ብዙ አስተማሪዎች ወገኖቻችን የፈተና ወረቀት ክምር ፊት ተቀምጠው ፈገግ እንደሚሉ ይታየኛል።) ከእርሳቸውና ከጓደኞቻቸው እጅ የወጣው መሣሪያ በ1956 ዓ.ም. ራማክ በሚል ስም ለገበያ ቀረበ።

የራማክን ትዝታ ለማሰብ የሸክላ ማጫወቻን አስቡ። በአንድ ዘንግ ላይ 50 የአሉሚኒየም ሰሃኖች ተደርድረዋል፤ የእያንዳንዱ ወርድ 24 ኢንች፥ ማለት ከ60 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ነው። ዘንጉ በደቂቃ 1,200 ጊዜ ይዞራል። ማግኔት የሚያነብና የሚጽፍ ራስ የተሸከመ አንድ ክንድ በሰሃኖቹ ጎን ወደ ላይና ወደ ታች እየወጣና እየወረደ የተፈለገውን ሰሃን መርጦ ይገባል። ሰሃኖቹ የብረት ዝገት ዱቄት ባለበት ቀለም የተቀቡ ናቸው፤ በምርምሩ ጊዜም ቀለሙን በሴቶች የናይሎን ካልሲ አጥልለው፥ በሚሽከረከረው ሰሃን መካከል ከወረቀት ኩባያ ያፈሱት ነበር። ቀለሙም በመዞሩ ኀይል ወደ ዳር እየተሳበ እኩል ይዘረጋል። ይህ ሁሉ ድካም ያስገኘው አምስት ሚሊዮን ፊደላት የሚይዝ ማስቀመጫ ነው። ዛሬ በእጅ ስልካችሁ የምታነሡት አንድ ፎቶግራፍ ይህን ያህል ሊሆን ይችላል። የመሣሪያው ጠቅላላ የወር ኪራይ 3,200 ዶላር ነበር።

ራማክ «ና» የተባለውን መዝገብ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ያመጣ ነበር፤ ይህም በእውነት አዲስ ዘመን ነው። ነገር ግን ካርዱ የነበረው ጠባይ ጠፋ። ማስቀመጫው ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን፥ ከመኪናው ጋር የተተከለ ነበር። ሰሃኖቹን አውጥቶ ወደ ሌላ መኪና መውሰድ የሚታሰብ አልነበረም። ትዝታው የመኪናው ሆነ።

ይህንን የተረዱት የኩባንያው መሐንዲሶች ስድስት ዓመት ብቻ ቆይተው መልስ አመጡ፤ እኔም ከዚህ ታሪክ ሁሉ ይልቅ የምወደው ይህን ነው። በ1962 ዓ.ም. የወጣው 1311 የሚባለው ማስቀመጫ የልብስ ማጠቢያ መኪና የመሰለ ክዳን ነበረው። ክዳኑን ሲከፍቱት ወርዳቸው 14 ኢንች የሆኑ ስድስት ሰሃኖች በአንድነት ይወጣሉ፤ ክብደታቸው አራት ኪሎ ተኩል ያህል ነው፤ ከላያቸው የሚደፋው የፕላስቲክ ክዳን እጀታ አለው። አንድ ጸሓፊ በአንድ እጁ ሁለት ሚሊዮን ፊደላት፥ ማለት የ25,000 ካርድ ጽሑፍ፥ አንጠልጥሎ ሊሄድ ቻለ። እኛ አገር ደግሞ ካህኑ ዳዊቱን በማኅደር ከቶ ማንገቻውን በትከሻው አንግቶ ከደብር ወደ ደብር ሲሄድ ኖሯል፤ መጽሐፍ ተሸክሞ መሄድ ምን ያህል ነጻነት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ግን እጀታ ብቻውን አልበቃም። ሰሃኖቹ ሲወጡ ማንበቢያውና መጻፊያው ራስ በመኪናው ውስጥ ይቀራል። በአንዱ መኪና ያለው ራስ ከትክክለኛው መሥመር በጥቂቱ እንኳ ወደ ግራ ያዘነበለ እንደሆነ፥ የጻፈውን ራሱ ያነበዋል፤ ሌላው መኪና ግን አያነበውም። ስለዚህ ጠጋኞች የሁሉንም ራስ ለማስተካከል ለመለኪያ ብቻ የተዘጋጀ ልዩ የሰሃን ጥቅል ይዘው ከመኪና ወደ መኪና ይዞሩ ነበር። ሁለተኛው ጠላት አቧራ ነው። ራሱ ከሰሃኑ በላይ በቀጭን የአየር ሽፋን ላይ ይንሳፈፋል፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት በመካከል ከገባች ራሱ ተንኳኵቶ ይወድቅና ቀለሙን ይፍቀዋል። ቀለሙ ሲፋቅ ጽሑፉም አብሮ ይፋቃል። ከዚያ የከፋ ነገር የሚመጣው፥ ሠራተኛው ነገሩን ሳያውቅ የተበላሸውን ጥቅል አውጥቶ «ምናልባት መኪናው ይሆናል» በማለት ወደ ሌላ መኪና ያገባው እንደሆነ ነው፤ ያኔ የሁለተኛውንም መኪና ራስ ይሰብረዋል። ዲስክን ከመኪና ወደ መኪና ማዛወር ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል ሰዎች መጀመሪያ የተማሩት እንዲህ ነው።

በ1973 ዓ.ም. የወጣው 3340 የተባለው ማስቀመጫ ለዚህ ብልሃት አበጀለት። ሰሃኑንና ራሱን ባንድ ላይ በታሸገ ቤት ውስጥ አስገባቸው፤ ጥቅሉ ሲወጣ ራሱም አብሮ ይወጣል። የጻፈው እጅ ራሱ ያነባል ማለት ነው። መጀመሪያ የታሰበው እያንዳንዳቸው 30 ሜጋባይት የሚይዙ ሁለት ዘንጎች እንዲኖሩት ስለ ነበር፥ አለቃው መሐንዲስ ሚስተር ኬኔት ሆተን 30-30 ከሚባለው የዊንቸስተር ጠመንጃ ጋር አመሳስለው ዊንቸስተር ብለው ሰየሙት። ጠመንጃ የማያውቅ መሐንዲስ ይህን ስም አያወጣም ነበር፤ ስሙ ግን ለብዙ ዓመት የሃርድ ዲስክ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቆየ። መታሸግ አቧራን ድል ነሣ። ዳሩ ግን ከታሸገ በኋላ ማውጣትና ማግባት ዋጋው የበዛ ሆነና፥ በ1975 ዓ.ም. የመጣው 3350 ከነጭራሹ የማይወጣ ሆኖ ተሠራ። እጀታው ተቈረጠ።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ከትልልቆቹ አዳራሾች ወጥቶ ወደ ጠረጴዛ ይመጣል። በ1980 ዓ.ም. ሚስተር አላን ሹጋርት የተባሉት የቀድሞ የአይ.ቢ.ኤም. ሰው ያቋቋሙት ኩባንያ፥ በኋላ ሲጌት የተባለው፥ ወርዱ አምስት ኢንች ከሩብ የሆነ 5 ሜጋባይት የሚይዝ ዲስክ ሸጠ። ይህ ዲስክ ራሱን የቻለ ዕቃ ይመስላል፤ አራት ብሎን ፈትቶ ማውጣት ይቻላል። ነገር ግን ማታለያ አለበት። ዲስኩ የሚያውቀው መዞርና ማግኔቱን መሰማት ብቻ ነው፤ የተሰማው ምልክት ምን ፊደል እንደሆነ የሚያውቀው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ካርድ ነው። ካርዶቹም በየፋብሪካው ልዩ ልዩ ነበሩ። ከዚህም የተነሣ አንድ ሰው ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ዓይነት ካርድ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ሲሰካው፥ ኮምፒዩተሩ ዲስኩን ባዶ አድርጎ ያየዋል፤ ለሥራ እንዲሆን ከተፈለገም እንደገና ከሥሩ መቃኘት አለበት። መቃኘት ማለት ደግሞ ያለውን ሁሉ መደምሰስ ነው። ዕቃው ተዛወረ፥ ዕውቀቱ ግን በቀድሞው ቤት ቀረ።

አንባብያን ሆይ፥ የዚህ ሁሉ ነገር ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። አንድ ዲስክ እንዲዛወር ሰሃኑ ብቻ መሄዱ አይበቃም፤ ሰሃኑን ማንበብ የሚያስችለውም ዕውቀት አብሮት መሄድ አለበት። በ1962 ዓ.ም. ያልሄደው የራሱ አቀማመጥ ነበር፤ በ1980 ዓ.ም. ያልሄደው የካርዱ ዕውቀት ነበር። በዘመናችን የማይሄደው ምን እንደሆነ በኋላ ታያላችሁ።

የካርዱን ነገር የፈቱት በ1986 ዓ.ም. ገደማ ኮምፓክና ዌስተርን ዲጂታል የተባሉት ኩባንያዎች ከዲስክ ሠሪዎች ጋር ሆነው ነው። መቆጣጠሪያውን ከኮምፒዩተሩ አውጥተው በዲስኩ ጀርባ ላይ ለጠፉት። አይ.ዲ.ኢ. የሚባለው አሠራር ይህ ነው። ከእንግዲህ ኮምፒዩተሩ «ቁጥሩ ይህን ያህል የሆነውን ቁራጭ አምጣልኝ» ብሎ ማዘዝ ብቻ ነው፤ እንዴት እንደሚያመጣው የዲስኩ ጉዳይ ነው። ቋንቋውም በ1994 ዓ.ም. በአሜሪካ የደረጃዎች ድርጅት ጸድቆ ሁሉ የሚከተለው ደንብ ሆነ። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያለ ልዩ ብልሃት የለም፤ ዕውቀቱን ከዕቃው ጋር ማሰር ብቻ ነው። ሆኖም ከዚህ ታሪክ ውስጥ እንደዚህ ለተራው ሰው የጠቀመ ውሳኔ ያለ አይመስለኝም።

ላፕቶፕ የሚገባው በዚሁ ዘመን ነው። በ1988 ዓ.ም. በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት የነበረ ፕሬሪቴክ የሚባል ትንሽ ኩባንያ ወርዱ ሁለት ኢንች ተኩል የሆነ፥ 20 ሜጋባይት የሚይዝ ዲስክ ሠራ። በደረት ኪስ የሚገባ ነበር። ኩባንያው ብዙ ሳይቆይ ከሰረ፤ መጠኑ ግን የላፕቶፕ ሁሉ ልክ ሆኖ ኖረ። በዚያም ላይ ለላፕቶፕ የሚሆነው ዲስክ 44 ቀጫጭን መርፌዎች ባሉት አንድ መሰኪያ ትእዛዝንም ኤሌክትሪክንም ባንድነት ይቀበል ስለ ነበር ማውጣትና ማስገባት ቀለለ። መርፌዎቹን ሳያስተውል ገፍቶ ያጣመመ ግን ብዙ ሰው ነው። በ2003 ዓ.ም. የመጣው ሳታ የተባለው መሰኪያ መርፌውን አስቀርቶ ጠፍጣፋ ምላስ አደረገው፤ የላፕቶፑም የጠረጴዛውም ዲስክ አንድ ዓይነት መሰኪያ ሆነ። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ለአሥር ዓመት ያህል፥ ሁለት ብሎን ፈትቶ ዲስክን ከአንድ ላፕቶፕ ወደ ሌላው ማዛወር የማንኛውም ጠጋኝ የቀላል ሥራ ቀላል ነበር። ተጠንቅቆ ማየት የሚያስፈልገው ውፍረቱን ነው፤ 9.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዲስክ ለ7 ሚሊ ሜትር በተሠራ ቤት አይገባም።

ዕቃው ይዛወር እንጂ በውስጡ የሰፈረው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ግን አንዳንድ ጊዜ ያስቸግር ነበር። ዊንዶውስ ሲጫን ያለበትን ቤት፥ በተለይም ዲስኩን የሚያናግርበትን መሣሪያ፥ አጥንቶ ይይዛል። በሌላ ቤት ሲነሣ የለመደውን መሣሪያ ያጣና በሰማያዊ ገጽ ላይ የስሕተት ጽሑፍ አሳይቶ ይቆማል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው ኤክስፒ ደግሞ ቤቱ እንደ ተለወጠ ካየ እንደገና ፈቃድ እንድታወጡ ይጠይቅ ነበር። ይህ ግን የሚያስለቅስ ችግር አይደለም። ሲስተሙ ባይነሣ እንኳ ዲስኩን በውጭ መሰኪያ አስገብቶ ደብዳቤውንና ሠንጠረዡን መገልበጥ ይቻል ነበር። ጽሑፉ ግልጽ ነበርና።

አሁን ወደ ዘመናችን ደርሰናል። የሚዞረው ሰሃን ቀርቶ ትዝታው ኤስ.ኤስ.ዲ. በሚባል፥ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር በሌለው ንጥረ ነገር ላይ ሰፈረ። በአዲሶቹ ላፕቶፖች ውስጥ የምታዩት ኤም ዶት ቱ የተባለው ዓይነት እንደ ማስቲካ ቁራጭ ሆኖ ወርዱ 22፥ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ 80 ሚሊ ሜትር ነው። ፍጥነቱ ድንቅ ነው። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። መጀመሪያ፥ መልኩ አንድ የሆነ ነገር ቋንቋው ሁለት ሊሆን ይችላል፤ አንዱ የቀድሞውን ሳታ ይናገራል፥ ሌላው ኤን.ቪ.ኤም.ኢ. የተባለውን። አንዳንዱ ላፕቶፕ ሁለቱንም ይሰማል፥ አንዳንዱ አንዱን ብቻ። ከመግዛትና ከመንቀል በፊት የሁለቱንም ላፕቶፖች መግለጫ ማንበብ ይገባል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ አንዳንድ ፋብሪካዎች ትዝታውን ከማዘርቦርዱ ጋር በያጅ አጣብቀውታል። አፕል በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ባለ 12 ኢንች ማክቡክ ያደረገው ይህን ነው። በእንደዚህ ያለው ላፕቶፕ ላይ የሚነቀል ነገር የለም፤ ራማክ በቀጭን ልብስ ተመልሶ መጣ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በዓይን የማይታየው መቆለፊያ ነው። ማይክሮሶፍት በ2007 ዓ.ም. ለሕዝብ ካቀረበው ቪስታ ጀምሮ ቢትሎከር የሚባል አሠራር አለ። በዲስኩ ላይ የሚጻፈው ሁሉ በምስጢር ፊደል ይጻፋል፤ የምስጢሩን መፍቻ የሚጠብቀው ደግሞ ቲ.ፒ.ኤም. የሚባል በማዘርቦርዱ ላይ ያለ ትንሽ ዘበኛ ነው። ላፕቶፑ በቤቱ ሲነሣ ዘበኛው ቤቱ ያው መሆኑን አይቶ መፍቻውን ይሰጣል፤ ባለቤቱም መቆለፊያ እንዳለ እንኳ ሳያውቅ ይሠራል። ዲስኩ ወደ ሌላ ላፕቶፕ የሄደ እንደሆነ ግን ዘበኛው የለም። ያን ጊዜ ገጹ 48 አኃዝ ያለው የማስመለሻ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ ከሌለ ዲስኩ ጤናማ ሆኖ ሳለ የሞተ ነው። ከ2024 ዓ.ም. እትም ወዲህ ደግሞ ዊንዶውስ 11 በአዲስ ሲጫን በማይክሮሶፍት አካውንት የገባውን ሰው ላፕቶፕ በብዙ ዓይነት መሣሪያ ላይ ራሱ ይቆልፈዋል። አፕልም ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ ባወጣቸው ላፕቶፖች ምስጢሩን ቲ ቱ በተባለው ንጥረ ነገር፥ በኋላም በራሱ ማቀናበሪያ ውስጥ አኑሮታል።

መቆለፊያውን እንደ ጠላት እንድትቈጥሩት አልፈልግም። የተሰረቀ ላፕቶፕ ዲስኩ ተነቅሎ የሠራተኞች ደመወዝና የባለጉዳዮች ምስጢር በሌባ እጅ ሲነበብ ማየት የሚወድ የለም። ግልጽ ዲስክን ባለቤቱም ሌባውም እኩል ያነቡታል፤ ስለዚህ መቆለፉ ተገቢ ነው። የኔ ቅሬታ በመቆለፉ አይደለም፤ ባለቤቱ መቆለፉን ሳያውቅ፥ ቁልፉንም ማን እንደያዘው ሳይነገረው መቅረቱ ነው። በ1962 ዓ.ም. እጀታው በዓይን ይታይ ነበር። የዛሬው እጀታ 48 አኃዝ ነው፤ አስቀድሞ ያልፈለገው ሰው በቸገረው ቀን አያገኘውም።

ይህንን ያወቅሁት በመጽሐፍ አይደለም። የሞተውን ላፕቶፓችንን የከፈተው ወጣት ባለሙያ ሥራውን በሚገባ አደረገ። ባትሪውን አስቀድሞ ነቀለ፤ በእጁ ያለውን ኤሌክትሪክ ለማስወገድ ብረት ነካ፤ የዲስኩን ቋንቋ ከሌላው ላፕቶፕ ጋር አመሳከረ፤ አንዷን ብሎን ፈትቶ ዲስኩን በአዲሱ ቤት አስቀመጠው። አስነሣነው። ሰማያዊ ገጽ ወጣ፤ ቁጥሩንም ጠየቀን። እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ቁጥር አይቼ አላውቅም ነበር።

ባለሙያው ግን አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ «ይህን ላፕቶፕ መጀመሪያ ቀን የከፈተው ማነው?» አለኝ። እኔ አልነበርሁም። ከእኔ በፊት በዚያ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ባልደረባዬ ነው፤ እርሱም ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ሐዋሳ ተዛውሯል። ላፕቶፑን ስረከብ በመረከቢያው ቅጽ ላይ የቻርጀሩ፥ የቦርሳው፥ የመለያ ቁጥሩ ሁሉ ተጽፎ ነበር፤ ቁልፉ ግን በዕቃ ተራ የሚቈጠር መሆኑን ያሰበ ሰው አልነበረም። ስልክ ደወልሁለት። ስለ ጤናና ስለ ቤተ ሰብ ከተጠያየቅን በኋላ ጉዳዩን ነገርሁት። «እኔ የቆለፍኩት ነገር የለም» አለ። እውነቱን ነው፤ እርሱ አልቆለፈውም። ሆኖም በዚያ በመጀመሪያው ቀን በራሱ አካውንት ገብቶ ኖሮ፥ አካውንቱን ሲከፍት ቁጥሩ ተቀምጦ አገኘው። በገጹ ላይ ከወጣው መለያ ጋር አመሳከርነው፤ አንድ ሆነ።

ከዚያ በኋላ አርባ ስምንቱን አኃዝ በስልክ ያነብልኝ ጀመር፤ ስድስት ስድስት እየሆነ ስምንት ቡድን ነው። መሥመሩ ይቆራረጥ ነበርና ስድስቱን ሰባት ብዬ ሰምቼ ጻፍሁት፤ ገጹም ወዲያው ስሕተት መሆኑን ነገረኝ። ምክንያቱን ኋላ ላይ ተረዳሁት፤ እያንዳንዱ የስድስት አኃዝ ቡድን ለ11 ያለ ቀሪ እንዲካፈል ሆኖ የተዘጋጀ ነው፤ ስለዚህ አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ቡድኑ አይካፈልምና ስሕተቱ ይታወቃል። የቴሌግራፍ ሠራተኛው አባታችን ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር፤ እርሳቸውም ቁጥር ያለበት ቴሌግራም ሲመጣ ሁለት ጊዜ መልሰው ያነቡ እንደ ነበረ በዚያው ድምፅ ውስጥ ተናግረዋል።

የመጨረሻው ቡድን ገባ፤ ገጹም ተነሣ። ሦስቱም ሰዓት ሳይጐድል ተገኘ። ያንኑ ቀን ሁለት ቅጂ አደረግሁ፤ አንዱን ለመሥሪያ ቤቱ፥ አንዱን በፍላሽ አድርጌ ለልጃቸው። የአርባ ስምንቱን አኃዝ ወረቀት በፖስታ አሽጌ ከመረከቢያው ቅጽ ጋር በዶሴው ውስጥ አኖርሁት።

ልጃቸው ፍላሹን ለመውሰድ በመጣች ጊዜ የደረሰብንን ሁሉ ነገርኋት። ፍላሹን በመዳፏ ላይ አገላብጣ አየችና «ይህም ቁጥር ይፈልጋል?» ብላ ጠየቀችኝ። አይፈልግም አልኋት። «እንግዲያስ እኔ በሣጥን እቆልፍበታለሁ» አለችኝ።